ሙሴ ኢልግና የግመል ጭነት

ባለፈው ወር ለቤተሰብ ጉዳይ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ነበር። መውረድ ነው ደግሞ! ጣርማ በር ላይ ጋቢ ያስደረበ ብርድ፣ ደብረ ሲናን አልፈው ጠመዝማዛውን ሲጨርሱት ጃኬት ያስወልቃል። ሮቢት ሲደርሱ ጥላ ፍለጋ ነው።

የእህቴ ልጅ እዚያ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ትንሽ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለው። የማሾ መውቂያ ማሽን ይሠራሉ። አካባቢው የማሾና የሽንኩርት አገር ስለሆነ ገበያ አላጡም። ብረት ከመቁረጣቸው በፊት ማሽኑን ኮምፒውተር ላይ ነው የሚነድፉት፤ ካድ ይሉታል። ስደርስ ልጁ ላፕቶፑ ላይ አፍጥጦ ፀጉሩን ይነጫል። ምን ሆነህ ነው ብለው ታሪኩን ዘረገፈልኝ።

አንዱን ማሽን መኪና የማይገባበት ቆላ ላሉ ገበሬዎች ሸጡት። በግመል ይሂድ ተባለና ፈታቱት። ሻሲውና ከበሮው እንደተበየዱ አንድ ላይ ቀሩ፤ ያ ለግመል ከበደ። የተረፈው ደግሞ ኩሽኔታ፣ ፑሊ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ ሆኖ በጆንያ ተዘረገፈ። ቦታው ሲደርስ የትኛው ብሎን የየት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። በግማሽ ቀን ያልቃል የተባለው መግጠም ሁለት ቀን ፈጀ።

ጥፋቱ የት እንደሆነ ስክሪኑ ላይ አሳየኝ። በግራ በኩል የዕቃዎቹ ዝርዝር አለ። ከሻሲው አንስቶ እስከ ትንሿ ሮንዴላ ድረስ ሁሉም በአንድ ረድፍ ተሰልፏል፤ አለቃም ጭፍራም የለውም። መሆን የነበረበት እንደ ዛፍ ነው። ግንዱ ማሽኑ፣ ትልልቆቹ ቅርንጫፎች ከበሮው፣ ወንፊቱ፣ ማራገቢያው፣ የሞተሩ ማስቀመጫ፤ ከዚያ በየቅርንጫፉ ሥር የየራሱ ቁርጥራጭ። ቅርንጫፎቹን ሳብ አሴምብሊ ይሏቸዋል። ንዑስ ክፍል ብንላቸው ያስኬደናል። ልጁ መሳሉን ያውቅበታል፤ ያላሰበበት ማሽኑን የት የት ላይ እንደሚለያየው ነው።

እኔ ደግሞ ይሄን ስሰማ ትዝ ያሉኝ፣ ከዚያው ከይፋት ቆላ በግመል አልፈው ወደ አንኮበር የወጡ አንድ ሰው ናቸው። አልፍሬድ ኢልግ። የምኒልክ ዘመን ሰዎች ሙሴ ኢልግ ይሏቸው ነበር። ስለ እሳቸው ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ባቡሩና የቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውኃ ነው። ለእኔ ግን ከሁሉም በፊት ማሽን በግመል ልክ ተቆርጦ ይመጣ በነበረበት አገር የሠሩ መሐንዲስ ናቸው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢልግ የተወለዱት በመጋቢት 1854 ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ፍራውንፌልድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ምህንድስና የተማሩት በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ነው፤ ከዓመታት በኋላ አንስታይን የተማረበት ማለት ነው። የዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ የእጅ ሙያና ማሽን የሚያውቅ አውሮፓዊ ይፈልጉ ነበር። ጥያቄያቸው ኤደን ላይ ይነግድ በነበረ የስዊስ ኩባንያ በኩል ዙሪክ ደረሰ። ወጣቱ መሐንዲስ እሺ አሉ። በ1878 ከሁለት የእጅ ባለሙያ የአገራቸው ልጆች ጋር ተነሥተው በ1879 አንኮበር ገቡ። ያኔ ሃያ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም፤ የእህቴ ልጅ እኩያ መሆናቸው ነው።

መንገዱን እንየው፤ ዋናው ነገር መንገዱ ላይ ነው። ከባሕር ዳርቻው፣ ከዘይላ ወይም ከታጁራ፣ የተነሣ ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ ይፋት ቆላ ይደርሳል። እዚያ ፋሬ የምትባል ኬላ አለች። ከፋሬ ወዲያ አልዩ አምባ፣ ከአልዩ አምባ በላይ አንኮበር። አልዩ አምባ የዘመኑ የሸዋ ትልቁ የሲራራ ገበያ ነበር፤ አርጎባው፣ አፋሩ፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ የሐረሩ ነጋዴ የሚገናኝበት። በተለይ አርጎባዎቹ በንግዱ የታወቁ ነበሩ። ጨው፣ ቡና፣ ጨርቅ፣ ጠመንጃ ሁሉ በዚያ በር አልፏል።

ፋሬ ላይ አንድ ነገር ይለወጣል። ግመል የሜዳ እንስሳ ነው። የአንኮበርን ዳገት፣ ያውም ዝናብ ከነካው፣ አይደፍረውም፤ ሰፊው እግሩ ይንሸራተታል። ስለዚህ ጭነቱ ፋሬ ላይ ከግመል ይወርድና በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ትከሻ ይወጣል። ከኢልግ አርባ ዓመት ቀድሞ የእንግሊዙ መልዕክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መድፍና ገጸ በረከት ይዞ በ1841 በዚሁ መንገድ ሲመጣም፣ ጓዙ እዚያ ላይ ነው ከግመል ወደ ሰው የተዛወረው።

እስቲ ይህን በመሐንዲስ ዓይን እንመልከተው። አንድ ግመል እንደ ጉልበቱ ከ150 እስከ 200 ኪሎ ይሸከማል እንበል። ግን ጭነቱ አንድ ቁራጭ መሆን አይችልም። በግራና በቀኝ ተመጣጥኖ መንጠልጠል አለበት፤ አንዱ ጎን ከከበደ የግመሉ ጀርባ ይቆስላል፣ የቆሰለ ግመል ደግሞ በረሃ ላይ ከነጭነቱ ይቀራል። ስለዚህ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ማሽን ሁሉ ሁለት ሁለት እኩያ ሸክም ሆኖ መፈታት አለበት። ይህ አንደኛው ደረጃ ነው። ፋሬ ላይ ደግሞ የግመሉ አንድ ጎን ለአንድ በቅሎ ሊሆን ይችላል፤ በሰው ትከሻ ከሆነ ግን ያም ራሱ እንደገና መከፈል አለበት። በቅርንጫፍ ውስጥ ቅርንጫፍ! ዛሬ ኮምፒውተሩ ላይ ዛፍ አድርገን የምንስለው ነገር፣ ያን ጊዜ እንስሳውና ዳገቱ አስገድደው ያስወጡት ሕግ ነበር።

ሌላም ጣጣ አለው። ቅፍለት በየማታው ጭነት ያወርዳል፣ በየጠዋቱ ይጭናል። ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት። ስለዚህ እያንዳንዱ ሸክም መሬት ላይ ሲጣል ሳይጣመም፣ ለብቻው ቀጥ ብሎ መቆም የሚችል መሆን አለበት። የካድ አስተማሪዎች ንዑስ ክፍል ማለት ራሱን ችሎ ጠረጴዛ ላይ ሊገጠምና ሊቀመጥ የሚችል ነገር ነው ይላሉ፤ አሸዋውን ጠረጴዛ ነው በሉት። ደግሞ ሁለት ክፍሎችን የሚያያይዘው ብሎን የማን ነው? የአንደኛው ነው ብላችሁ እሱ ጋ ብትጨምሩት፣ ያኛው ክፍል ቀድሞ ሲደርስ ማያያዣ አጥቶ ይቀመጣል። ብሎኑ የመጋጠሚያው ነው። በዛፉ ላይ ቦታው ከሁለቱም በላይ ነው፤ በጭነቱም ለብቻው ታስሮና ስም ተጽፎበት የሚሄድ። የእህቴ ልጅ ጆንያ ውስጥ የተዘረገፉት እነዚያ ናቸው።

ወደ ሰውየው ልመለስ። አንኮበር ሲደርሱ ምኒልክ መጀመሪያ ያዘዟቸው ድልድይ ወይም ቤተ መንግሥት አልነበረም፤ ጫማ ነው ይባላል። ሙያው ያ አልነበረም፣ ግን ሠርተው አቀረቡ። ቀጥሎ ጠመንጃ ሥራልኝ ተባሉ። ከውጭ ቢገዛ ይረክሳል፣ ይሻላልም ብለው ሊያስረዱ ሞከሩ፤ ንጉሡ ግን አልተቀበሉም። ሠሩት። ይሄን ታሪክ ሰው ሲያወራው እንደ ቀልድ ነው። እኔ ቀልዱ አይታየኝም። ጠመንጃ ማለት ጥቃቅን ክፍሎች በልክ ተሠርተው እርስ በርስ የሚገጥሙበት ነገር ነው። ምኒልክ ለማሽንና ለመሣሪያ ያላቸው ጉጉት የታወቀ ነው፤ አንድ ዕቃ እጃቸው ሲገባ ውስጡን ማየት ይወዱ እንደነበር ይነገራል። እንግዳው መሐንዲስ ከባዶ ተነሥቶ መግጠም ይችል እንደሆን ለመፈተን ጠመንጃ ከማዘዝ የተሻለ ፈተና ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ አዋሽ መጣ። ኢልግ በአዋሽ ላይ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ድልድይ ሠሩ። እንደሚተረከው ምሰሶና ወራጅ እንጨቱ ከሩቅ ቦታ በሰው ትከሻ ነው የመጣው፤ ሚስማሩና ብሎኑ ደግሞ እዚያው በእጅ እየተቀጠቀጠ ነው የተሠራው። አስቡት እንግዲህ። የድልድዩ ትልቁ ክፍል የሚለካው ስንት ሰው ተጋግዞ ሊሸከመው በሚችለው ነው። ወንዙ ምን ያህል ይሰፋል የሚለው ጥያቄ አንድ ነገር ነው፤ አንድ ግንድ ስንት ትከሻ ይወስዳል የሚለው ደግሞ ሌላ። መሐንዲሱ ሁለቱን ካላስታረቀ ወይ ድልድዩ አይደርስም፣ ወይ ሰው ያልቃል። የተሸከሙት ሰዎች ስም በየትም አልተመዘገበም። የኢልግ ስም አለ፣ የንጉሡ ስም አለ። ይህ ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

በነገራችን ላይ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦም የዚህ መንገድ ሰው ነበር። ግጥም ከተወ በኋላ ነጋዴ ሆኖ፣ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ በ1886 መገባደጃ ከታጁራ ተነሣ። በ1887 የካቲት ገደማ አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ እዚያ አልነበሩም፤ ሐረርን ይዘው ወደ እንጦጦ እየተመለሱ ነበር፤ እሱም ተከትሎ ወጣ። ጠመንጃ ለግመል የተመቸ ዕቃ ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም እኩል፣ ሳጥን በሳጥን። ራምቦ ያስቸገረው ጭነቱ ሳይሆን ሒሳቡ ነው፤ አዲሱ ዕዳ አሮጌ ዕዳ እየጠራ ትርፉን በላው። ከኢልግ ጋር በኋላ ለዓመታት ተጻጽፈዋል፤ ደብዳቤዎቹ ዛሬም አሉ። አብዛኛው ስለ ሸቀጥ ነው፤ ይሄ ተሸጠ፣ ያ አልሄደም።

ዋና ከተማው ወደ እንጦጦ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ኢልግም አብረው ተዛወሩ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከእንጦጦ ተራራ በቧንቧ ውኃ ወደ ቤተ መንግሥቱ አወረዱ። ለከተማው ሰው ጉድ ነበር። ቧንቧ ደግሞ ከንዑስ ክፍል ሁሉ ቀላሉ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ አንድ ዓይነት ቁራጭ፣ አንድ ዓይነት መጋጠሚያ፣ ደጋግሞ ደጋግሞ። ካድ ላይ አንዴ ትስለውና መቶ ጊዜ ትጠራዋለህ። መቶውን ለየብቻ የሳለ ሰው፣ ልኩ የተለወጠ ቀን መቶውንም አንድ በአንድ ሲያርም ያድራል (ልጄ እሱንም ሠርቶታል!)። ረጅም ቧንቧ ግመል ላይ አይሆንም፤ አጭር ቧንቧ ደግሞ መጋጠሚያ ያበዛል፣ መጋጠሚያ ሲበዛ ማፍሰሻ ይበዛል። እዚህም ላይ መሐንዲሱ ከግመሉ ጋር መደራደር ነበረበት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ኢልግ ባቡር ቢመኙ ይፈረድባቸዋል? ያ ሁሉ ዓመት ዕቃን በግመል ልክ ሲቆርጥ የኖረ ሰው፣ ግመሉን የሚያስረሳ ነገር ባያስብ ነበር የሚገርመው። በመጋቢት 1894 ምኒልክ የባቡር ሐዲድ ሥራውን ፈቃድ ለ99 ዓመት ሰጧቸው፤ ፈረንሳዊው ነጋዴ ሌዎን ሼፍኖ አጋራቸው ሆነ። ሥራው በሦስት ተከፍሎ ነበር የታሰበው፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በከፋ አድርጎ ወደ ነጭ ዓባይ። አያችሁ፣ እዚህም ቅርንጫፍ አለ። እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ሊያልቅ፣ ለብቻው ሊሠራና ገንዘብ ሊያስገባ የሚችል እንዲሆን ታስቦ ነው። ሦስተኛው ክፍል እስከ ዛሬ አልተሠራም፤ የፊተኞቹ ግን እሱን አልጠበቁም። የመጀመሪያው አከፋፈል ትክክል እንደነበር በዚህ ይታወቃል።

መሬት ላይ ሲወርድ ግን የተሳለው ሁሉ እንደተሳለ አይቀጥልም። ግንባታው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐረር ያለችበት ተራራ ለሐዲድ አስቸጋሪ ስለሆነ መስመሩ በሥሯ አለፈ፤ በ1902 መጨረሻ ሜዳው ላይ ሲደርስ መጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለች፣ ኋላ ድሬዳዋ የሆነች ከተማ በቀለች። አንድ መጋጠሚያ ቦታውን ሲለውጥ ከተማ ይወልዳል ማለት ነው።

በመሐሉ ዐድዋ ሆነ። መሐንዲሱ ቀስ በቀስ ከመፍቻ ወደ ወረቀት ዞሩ። ከድሉ በኋላ ከጣሊያን ጋር የተደረገው የ1896 የአዲስ አበባ የሰላም ውል ሲዘጋጅ ከምኒልክ ጎን ነበሩ። በ1897 የመንግሥት አማካሪነት ማዕረግ ተሰጣቸው፤ የውጭ ጉዳይ ሥራው በአብዛኛው በእጃቸው ያልፍ ጀመር። በ1894 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ በፓሪስ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች ጉዳይም እሳቸውና ሼፍኖ ያስፈጸሙት ነው። በ1895 ዙሪክ ላይ ፋኒ ጋቲከርን አግብተው ወደ አዲስ አበባ ይዘዋት መጡ።

የባቡሩ ኩባንያ ግን ገንዘብ አጠረው። የፈረንሳይ መንግሥት እጁን ሲያስገባ ምኒልክ ተቆጡ፤ እንግሊዝና ጣሊያንም የየራሳቸውን ይሉ ጀመር። ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ። ኢልግ መሐል ገብተው ተቀረቀሩ፤ ሥራው የእሳቸው ሐሳብ ነው፣ ውሳኔው ግን ከእጃቸው ወጥቷል። በዚህ ጊዜ የፈጸሙት ሁሉ ትክክል ነበር ብዬ አልከራከርላቸውም። ንጉሥን ማማከርና የንጉሡን ባቡር በግል ፈቃድ መያዝ አንድ ሰው ላይ ሲገጥም፣ ሁለቱን የሚያያይዘው ብሎን የማን እንደሆነ ማንም አያውቀውም። በ1906 አገራቸው ገቡ፤ በዓመቱ ሹመታቸውን ለቀቁ። ጥር 1916 ዙሪክ ውስጥ ዐረፉ፤ ዕድሜያቸው 61 ነበር። ያነሷቸው ፎቶግራፎችና ያሰባሰቧቸው የኢትዮጵያ ዕቃዎች ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛሉ።

የመጀመሪያው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። አንድ ዓመት ቀደሟቸው፣ ወይም አንድ ዓመት ዘገየባቸው፣ እንደፈለጋችሁ።

ይፋትስ? ባቡሩ በይፋት አላለፈም። ዕቃው ሁሉ በድሬዳዋና በአዋሽ በኩል ሲሄድ የአንኮበር በር ተዘጋ። አልዩ አምባ ገበያዋ አልጠፋም፣ ግን የሸዋ በር መሆኗ ቀረ። ግመሉን የጫነው፣ ጭነቱን በትከሻው ያወጣው፣ ፋሬ ላይ ቀረጥ የተቀበለው ሰው፣ የልጅ ልጁ ሌላ ሥራ ፈለገ። ኢልግን ወደ ላይ ያወጣቸው መንገድ በራሳቸው ሐሳብ ነው የደረቀው። አሁን ከአዋሽ ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄደው አዲሱ ሐዲድ በይፋት ቆላ ያልፋል። ሲሠራ ያዩ የሮቢት ሰዎች ብዙ ተስፋ አድርገውበት ነበር፤ ባቡሩ ግን እስካሁን ሥራ አልጀመረም።

የእህቴን ልጅ ከመለየቴ በፊት ማታ አብረን ተቀመጥን። እኔ ካድ አላውቅም፤ የማውቀው ጭነት ነው፣ አባቴ ነጋዴ ነበሩ። አንድ በአንድ ጠየቅሁት። ይሄ ለብቻው ይቆማል? አንድ ግመል ይችለዋል? ለሁለት ቢከፈል ይመጣጠናል? መልሱ አዎ የሆነውን አንድ ቅርንጫፍ አደረገው። ሻሲውን ከከበሮው የሚያያይዘውን ብየዳ ተወና በብሎን ለወጠው። ብሎኖቹን ለብቻ፣ በየመጋጠሚያው ስም፣ በየከረጢቱ ቁጥር መደበ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሲሆን ያ ሁሉ ረድፍ ስድስት ቅርንጫፍ ሆኖ ተጣጠፈ። የሞተሩ ማስቀመጫ ብቻ አልሆነም፤ ወዴትም ቢያዞረው በአንድ ጎኑ ይከብዳል። እሱን ነገ አየዋለሁ ብሎ ላፕቶፑን ዘጋው።